መጀመሪያ ውሃውን ፈልጉት፦ የአሮጌ ፒካፕን ዝገት ግቢ ውስጥ ስለመጠገን

(በጅማ ከተማ ለሾፌሮች፣ ለአሮጌ መኪና ባለቤቶችና ለሙያ ተማሪዎች የተደረገ ንግግር። ለንባብ እንዲመች ጥቂት ቦታ ብቻ ተነካክቷል።)

እንደምን ዋላችሁ! አሰላሙ አለይኩም! አካም ኦልተን!

የተከበራችሁ ባለንብረቶች፣ ሾፌሮች፣ ከኋላ የተደረደራችሁ የሙያ ተማሪዎች፣ እናንተም ባሎቻችሁ እሁድ እሁድ ከመኪና ሥር አልወጣ እያሉ ያስቸገሯችሁ እናቶችና እህቶች፣ እንኳን ደህና መጣችሁ። ቡናው እዚያ ጥግ እየተፈላ ነው። አቦሉ ሲደርስ እኔ ባልጨርስም ተነሱና ጠጡ። አልቀየምም።

ሥራዬ ባትላሜራ ነው። ላሜራ ስቀጠቅጥ ነው ያረጀሁት። ጆሮዬም በዚያው ደክሟል፤ ስለዚህ ስትጠይቁኝ ጮክ በሉ። ዛሬ እንድናገር የተጠየቅኩት ስለ አሮጌ ፒካፕ ዝገት ነው። ጋራዥ ሳይገባ፣ ግቢ ውስጥ፣ በራስ እጅ ስለሚሠራው።

«ሰውዬው የራሱን ገበያ ሊዘጋ ነው እንዴ?» የምትሉ ትኖራላችሁ። አይዘጋም፣ አትስጉ። እኔ ዘንድ የሚመጣው መኪና አብዛኛው ዘግይቶ ነው የሚመጣው። ባለቤቱ በብርጭቆ ወረቀትና በትንሽ ቀለም ሊገላገለው ይችል የነበረውን፣ እኔ ቆርጬና በይጄ ነው የምመልሰው። እሱም ይከፋል፣ እኔም ይሰለቸኛል። ቀድማችሁ ብትነኩት ለሁላችንም ይሻላል።

ሦስት ነገር ነው የምናገረው። አንደኛ፣ ውሃው ከየት እንደሚገባ። ሁለተኛ፣ ዝገቱ እንዴት እንደሚፋቅና እንደሚለጠፍ። ሦስተኛ፣ ግቢ ውስጥ የማይነካው የቱ እንደሆነ። ሦስቱንም መያዝ ያቃተው አንደኛውን ይያዝ።

ከዚያ በፊት ግን አንድ ጥያቄ ልጠይቃችሁ። ለምንድን ነው ስለ አሮጌ መኪና የምንጨነቀው? በከተማችን አሁንም ፔጆ 404 ፒካፕ የያዘ አባት አለ። ዳትሰን የያዘ አለ። ሃይሉክስማ አይወራም። ቶዮታ ሃይሉክስን መሥራት የጀመረው በፈረንጆቹ 1968 ነው፤ የድሮዎቹ ላሜራቸው እንኳ ሲመታ ድምጹ ሌላ ነው። የአዲሱን ዋጋ እናንተው ታውቁታላችሁ። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ የነዳጅ አውቶሞቢል ወደ አገር እንዳይገባ ተከለከለ። ያለችውን ይዞ መቆየት የግድ ሆኗል። ሞተር ይታደሳል፣ ካምቢዮ ይቀየራል። ቦዲው ከበሰበሰ ግን መኪናዋ አበቃላት።

እሺ፣ አንደኛው ነጥብ። ውሃው።

ዝገት ማለት ብረት፣ ውሃና አየር ሲገናኙ የሚፈጠር ነገር ነው። ከሦስቱ አንዱን ከከለከላችሁት ይቆማል። ብረቱን መከልከል አንችልም፤ መኪናዋ ራሷ ብረት ናት። አየሩንም አንችልም። የሚቀረን ውሃው ነው። የተራቆተ ብረት እኮ ዝናብ ባይነካውም ይዝጋል። በአየሩ ውስጥ ያለው እርጥበት 60 በመቶ ገደማ ካለፈ ይበቃዋል። ጅማ ደግሞ በክረምት ምን እንደምትመስል ለእናንተ አልነግርም። በዓመት 1,500 ሚሊ ሜትር ገደማ ይዘንብብናል። ልብስ እንኳ ገመድ ላይ ውሎ አይደርቅም!

በበረዶ አገር መኪና የሚበላው መንገድ ላይ የሚበተነው ጨው ነው። እኛ ዘንድ መንገድ ላይ ጨው የሚበትን የለም። ታዲያ የኛ ፒካፕ ለምን እንዲህ ይበሰብሳል? በሚጫንበት ነገር! ፒካፓችን ምንድን ነው የምትጭነው? ማዳበሪያ ትጭናለች። ዳፕና ዩሪያ ጨውነት አላቸው፤ ከተቀደደ ጆንያ ፈሰው ጭረት ውስጥ ከገቡና እርጥበት ካገኙ ላሜራውን ይበሉታል። የገበታ ጨውም ትጭናለች። ለበዓል በግና ወይፈን ትጭናለች፤ የከብት ሽንት በካሶኒው፣ ማለትም በኋላው መጫኛ፣ ስፌት ውስጥ ይገባል። እሸት ቡና ትጭናለች፤ ከጆንያው የሚንጠባጠበው ጭማቂ ኮምጣጣም ተጣባቂም ነው። አቧራ ይይዛል፣ አቧራው ውሃ ይይዛል። ጠዋት የጫናችሁት ማታ ይራገፋል። ስፌቱ ውስጥ የቀረው ግን አይራገፍም።

አንድ የሊሙ ሰው፣ ትልቅ ሰው ናቸው፣ ፒካፓቸውን አመጡልኝ። «ልጄ፣ ከኋላ ትንሽ አረፋ ነገር ወጥቶባታል፣ ቀለም ቀባ ቀባ አድርግልኝ» አሉኝ። ካሶኒው ላይ ወፍራም የጎማ ምንጣፍ ተነጥፎበታል። ላሜራው እንዳይጫር ብለው ነው ያነጠፉት፤ ሐሳባቸው ጥሩ ነበር። ምንጣፉን ሳነሳው ከሥሩ ጥቁር ጭቃ አለ። ርጥብ ነው። በጋ ነው እኮ! በካቻቢቴ ጫር ሳደርገው ካቻቢቴው ያለ ምንም ትግል ወደ ታች ወረደ። ጥጉ ላይ፣ ወለሉና ስፖንዳው (የጎን ግድግዳው) በሚገናኙበት ስፌት ውስጥ፣ ነጣ ያለች ቀጭን ነገር ቀና ብላ ቆማለች። ጎንበስ ብዬ አየኋት። የቡና ችግኝ ናት! ጭንቅላቷ ላይ ፍሬዋን እንደተሸከመች በቅላለች። ሰውዬውን ጠርቼ አሳየኋቸው። ዝም ብለው አዩዋትና «ታዲያ ይቺን እንዴት ነው የምቀባት?» አሉ። ግቢው በሳቅ ሞላ።

ቡና የሚበቅልበት ቦታ ላይ ላሜራ አይኖርም። ይኸው ነው ነገሩ።

አሁን ልብ ብላችሁ ስሙኝ። ቀለም ላይ አረፋ ስታዩ ዝገቱ እዚያ የጀመረ አይምሰላችሁ። እዚያ የጨረሰ ነው። ዝገት ከበላው ብረት ከሁለት እጥፍ በላይ ቦታ ይፈልጋል፤ ለዚህ ነው ቀለሙን ወደ ላይ የሚገፋው። አብዛኛውን ጊዜ ከውስጥ በልቶ በልቶ ነው ወደ ውጭ የሚወጣው። ልክ እንደ ምስጥ። በሩ ደህና ይመስላል፣ ስትደገፉት ይናዳል። ስለዚህ አረፋውን ከውጭ ፍቃችሁ ብትቀቡት፣ የቀባችሁት የበሽታውን ምልክት ነው። በሽታው ውስጥ ተቀምጧል።

ታዲያ የት ነው የሚፈለገው? በመጀመሪያ በሮቹን። እያንዳንዱ በር ከታች ጠርዙ ላይ ውሃ ማውጫ ቀዳዳዎች አሉት። በመስታወቱ ጎማ በኩል ውሃ መግባቱ አይቀርም፤ በነዚያ ቀዳዳዎች ይወጣል ተብሎ ነው የተሠራው። ጅማ ውስጥ ግን በቀይ ጭቃ ይደፈናሉ። ይኼኔ በሩ ባልዲ ሆነ ማለት ነው። ዛሬ ቤት ስትገቡ ቀጭን ሽቦ ያዙና ጎርጉሯቸው። ይህቺን ብቻ ሠርታችሁ ብትተኙ እንኳ የዛሬው ንግግሬ አልባከነም።

ቀጥሎ የፓራፋንጎው፣ ጎማውን ከላይ የሚሸፍነው ላሜራ፣ የታችኛው ጫፍ። ጎማው የሚረጨው ጭቃ ከውስጥ በኩል እዚያ ይከመራል። እጃችሁን አስገብታችሁ ዳብሱት። ከዚያ የፓራብሬዛው፣ የፊት መስታወቱ፣ ጎማ ዙሪያ፣ በተለይ የታችኛው ጥግና ጥጉ። ጎማው ደርቆ ከተሰነጠቀ ውሃው በውስጥ ወርዶ የጋቢናውን ወለል ያርሰዋል። ምንጣፉን ሳታነሱ «ወለሌ ደህና ነው» የሚል ሰው ካለ፣ ዛሬውኑ ያንሳው። ከዚያ የጋቢናው የኋላ ጥጎች፣ ከዚያ ያ የካሶኒው ስፌት።

የሚያጠራጥር ቦታ ካለ ማግኔት ያዙ። ከተበላሸ የቴፕ ስፒከር የወጣ ማግኔት ይበቃል። በስስ ጨርቅ ጠቅልላችሁ ቦዲው ላይ አስኪዱት። ላሜራ ካለ ጥርቅ ይላል። ወፍራም ስቱኮ፣ ያ ጎድጓዳ የሚሞላበት ልጥፍ፣ ካለ ይወድቃል። መኪና የምትገዙ ሰዎችም ይህንን ኪሳችሁ ውስጥ አድርጋችሁ ሂዱ። ደላላው ፊቱ ሲለዋወጥ ታያላችሁ!

ውሃ ከየት እንደሚገባ ካላወቃችሁ፣ አንድ ሰው ጋቢና ይግባና በሩን ይዝጋ። ሌላው ከላይ በጀሪካን ቀስ እያደረገ ያፍስስ። ከታች ጀምራችሁ ወደ ላይ ሂዱ። ከላይ ከጀመራችሁ ሁሉም ይረጥብና የቱ ጋ እንደገባ አይለይም።

ሁለተኛው ነጥብ። መፋቅና መለጠፍ።

መቼ ነው የሚሠራው? ይህ ለጅማ ሰው ከባድ ጥያቄ ነው። ደረቁ ጊዜ ሲመጣ ቡናውም ይመጣል፤ ፒካፓችሁ ከጥቅምት ጀምሮ እረፍት የላትም። ክረምት ላይ እረፍት ስታገኝ ደግሞ ሰማዩ አይፈቅድም። እኔ የምመክረው የጥርን መጨረሻና የካቲትን ነው። ቡናው ቀነስ ብሏል፣ ዝናቡ ገና አልከበደም። በቀን ደግሞ ከጠዋቱ 4 ሰዓት እስከ ቀኑ 9 ሰዓት ገደማ ነው ቀለም የሚቀባው። ጤዛው ሳይለቅ የተቀባ ቀለም ውሃውን ከሥሩ ይዞት ይቀራል።

መጀመሪያ እጥበት። በሳሙና፣ ከታችም ከላይም። ከዚያ ሁለት ቀን ሙሉ ፀሐይ ላይ ትቁም። ከዚያ ነው መፋቅ። የሽቦ ብሩሽ፣ ስፓቱላ፣ 80 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት። ግራይንደር ያለው ይጠቀም፣ ግን ቀስ! የቦዲ ላሜራ 0.8 ወይም 1 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ግራይንደር ትንሽ ከቆየበት ዝገት ያልበላውን እናንተ ትበሉታላችሁ። መነጽር ደግሞ ለድርድር አይቀርብም። የብሩሹ ሽቦ ተነቅሎ ዓይን ውስጥ ሲገባ አይቻለሁ። ልጆችንም አርቁ፤ በድሮ ቀለም ውስጥ እርሳስ የሚባለው መርዛማ ብረት ሊኖር ይችላል። አቧራው እንዳይነሳ ውሃ እያስነካችሁ ፋቁ፣ አፍንጫችሁን ሸፍኑ።

እስከ የት ድረስ ነው የሚፋቀው? ነጭ ብረት እስኪወጣ። ቡናማ ነጥብ ከቀረ አላለቀም። ከዝገቱ ዙሪያ ደህና የሚመስለውን ቀለምም ሁለት ሦስት ጣት ያህል አንሱት፤ ከሥሩ ሾልኮ የሄደ አይጠፋም። ላሜራው ጉድጓድ ጉድጓድ ከሆነና ብሩሹ ጥልቁ ውስጥ ካልደረሰ፣ ፎስፈሪክ አሲድ ያለበት የዝገት ማስለቀቂያ ይቀባል። በጓንት ነው፣ በደንብ ይታጠባል፣ ወዲያው ይደርቃል። ለትንንሽ ዕቃ፣ ለቡሎን፣ ለማጠፊያ፣ ለበር እጀታ፣ አቼቶ ውስጥ አሳድሩት። ጠዋት ዝገቱ እንደ ጭቃ ይለቃል። እሱንም አጥባችሁ ወዲያው አድርቁ። ካዘገያችሁት ዓይናችሁ እያየ መልሶ ቡናማ ይሆናል።

እዚህ ላይ ነው ሰው የሚሸወደው። ፍቆ ፍቆ ሲደክመው «ቀሪውን ነገ» ብሎ ይገባል። ወንድሞቼ፣ ነገ የለም! የተፋቀ ብረት በዚያው ቀን አንቲረስቱን፣ ዝገት የሚከላከለውን ቀለም፣ መልበስ አለበት። መኪናዋን በሙሉ አትግፈፏት። ዛሬ አንድ በር፣ በሌላ ቀን አንድ ፓራፋንጎ። የቻላችሁትን ያህል ፍቃችሁ፣ በቲነር አጽድታችሁ፣ ቀቡ። የሚቻል ከሆነ ኢፖክሲ የሆነውን ፕራይመር (የሥር ቀለም) ግዙ። ተራው ፕራይመር ውሃ ያሳልፋል፤ «ፕራይመር ተቀብቷል» ብሎ መኪናውን ክረምቱን ሙሉ ደጅ የሚያቆም ሰው ከሥሩ ዝገት እያረባ ነው።

ስቱኮ? ስቱኮን አልጠላም። በልኩ ከሆነ ጥሩ ነገር ነው። ልኩ ግን 2 ወይም 3 ሚሊ ሜትር ነው፣ ለስላሳ ጎድጓዳ ለመሙላት። ሀርድነሩ፣ ማድረቂያው፣ ከመቶ 2 እጅ ገደማ። ቶሎ ይድረቅልኝ ብሎ ማብዛት ቀለሙን በኋላ ያበላሸዋል። በምንም ዓይነት ዝገት ላይ አይለጠፍም። ቀዳዳም አይደፈንበትም። ስቱኮ ውሃ ይጠጣል! ከኋላው ክፍት ቀዳዳ ካለ ውሃውን ጠጥቶ ብረቱ ላይ ይዞት ይቀመጣል። ከዚያ 180 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት፣ ከዚያ 320፣ ከዚያ ፕራይመር፣ ከዚያ 600ውን በውሃ፣ ከዚያ ቀለም። ስለ ቀለሙ ብዙ አልልም፤ ከሥሩ ያለው ከተስተካከለ ቀለም መቀባት ቀላሉ ሥራ ነው።

ቀዳዳ ከሆነስ? ብየዳ ነው። የበሰበሰውን ዙሪያውን ቁረጡት፣ ጤነኛ ላሜራ እስክታገኙ። ሰው ሁሉ ጉዳዩ አነስ እንዲል ብሎ የሚቆርጠውን ያሳንሳል። በበሰበሰ ላሜራ ላይ ብየዳ አይዝም፤ እየበሳ እየበሳ ይሄዳል። ልጣፉን በዚያው ውፍረት፣ ጥጎቹን ክብ አድርጋችሁ አዘጋጁ። በኤሌክትሮድ ከሆነ ቀጭኑን፣ ባለ 2 ሚሊውን፣ በትንሽ ጉልበት። ነጥብ ነጥብ አድርጉና ከአንዱ ጫፍ ወደ ሌላው ጫፍ ዝለሉ። በአንድ መስመር ከጎተታችሁት ላሜራው ይጣመማል፣ ከዚያ ወዲያ በመዶሻም አይመለስ። የባትሪውን ኔጌቲቭ ፍቱ። አንድ ባልዲ ውሃና አንድ ባልዲ አሸዋ አጠገባችሁ ይሁን። ብየዳ የማያውቅ ሰው ቆርጦና አዘጋጅቶ ይጨርስና ለብየዳው ብቻ ሙያተኛ ይጥራ። ዋጋው በጣም ይቀንሳል።

የጣራ ቆርቆሮ ለልጣፍ የምትጠቀሙ አላችሁ። አውቃለሁ፣ ቤት ሲሠራ የተረፈ አይጠፋም። ያ ነጭ ሽፋን ዚንክ ነው። ሲበየድ የሚወጣው ነጭ ጭስ ማታ ላይ ወባ የያዛችሁ እስኪመስላችሁ ያንቀጠቅጣል። ቆርቆሮው ደግሞ ለቦዲ ይሳሳል። ተራ ላሜራ ግዙ።

ሦስተኛው ነጥብ። የማይነካው።

እዚህ ላይ ቆጣ ብል ይቅርታ አድርጉልኝ። ሻንሲ፣ መኪናዋ የተሸከመችው ዋና አጥንት፣ ግቢ ውስጥ አይነካም። አይነካም! ላይ ላዩን ያለ ዝገት ሲሆን ፍቃችሁ ቀቡት፣ እሰየው። በመዶሻ ጫፍ ኳ ኳ አድርጉት። ጤነኛ ሻንሲ ይጮሃል። የበሰበሰ ሻንሲ ድፍን ያለ ድምጽ ይሰጣችኋል፣ ቅርፊትም ይረግፋል። ይህን ካገኛችሁ ሻንሲ የሚያውቅ ሰው ጋ ውሰዱት። ባሌስትራው (ከሥር ያለው ስፕሪንግ) የሚታሰርበት ቦታ፣ መሪው የሚያዝበት ቦታ፣ የፍሬን ቱቦ፣ እነዚህ ሁሉ ከዚሁ ይቆጠራሉ።

አንዴ ለቦሎ ምርመራ የተዘጋጀች ፒካፕ መጣችልኝ። ሌላ ቦታ ነው የተሠራችው። ከሥሯ በሬንጅ ተለቅልቃ ጥቁር አንጸባራቂ ሆናለች። ባለቤቱ ደስ ብሎታል። ክሪክ ከሥሯ አስገብቼ ማንሳት ስጀምር መኪናዋ አልተነሳችም። ክሪኩ ነው ሻንሲውን በስቶ የገባው! ሬንጁ ከሥር ስቱኮ፣ ስቱኮው ከሥር ጨርቅ ነበረው። በዚያ መኪና ሰውዬው ወደ ጊቤ በረሃ ቁልቁል ጭኖ ሊወርድ ነበር። ቦሎው ቢለጠፍስ? ወረቀቱ ቁልቁለት ላይ ይይዛታል?

የነዳጅ ታንከርም እንደዚሁ። ባዶ ነው ብላችሁ አትበይዱት። ባዶው ነው የሚፈነዳው፤ የሚነደው ተኑ ነው። ታንከሩ አጠገብ ስትበይዱም አውርዳችሁ ራቅ አድርጉት።

አንድ የቀረኝ ነገር አለ፤ ከሦስቱ ውጪ ነው፣ ግን ብዙ ሰው ይጠይቀኛል። የተቃጠለ ዘይት ከናፍጣ ጋር ቀላቅሎ ከሥር መርጨት። አባቶቻችን አድርገውታል፣ አልክድም፤ ከምንም ይሻላል። ግን የተቃጠለ ዘይት ውስጡ አሲድ አለ፣ ለቆዳ መጥፎ ነው፣ ጎማዎቹን ያሳብጣል፣ የተረፈው ደግሞ በዝናብ ታጥቦ አዌቱ ወንዝ ውስጥ ነው የሚገባው። ሬንጁም ዝገት ላይ ከተቀባ ውሃውን አፍኖ ይይዛል። እኔ የማደርገውን ልንገራችሁ። ማር አገር ነው ያለነው፤ ሰም ከገበያ አይጠፋም። ሰሙን ከአዲስ የሞተር ዘይት ጋር አቀልጣለሁ። እሳት ላይ በቀጥታ አይጣድም፤ የፈላ ውሃ ያለበት ድስት ውስጥ ጣሳውን አስቀምጣችሁ ነው። ሲቀዘቅዝ እንደ ለጋ ቅቤ እስኪሆን ዘይቱን ጨምሩበት። ለብ እንዳለ በረጅም ብሩሽ በሩ ውስጥ፣ የፓራፋንጎው ጀርባ፣ ጥጉ ሁሉ ላይ አስገቡት። ውሃ ማውጫ ቀዳዳውን ግን እንዳትደፍኑት! በዓመት አንዴ፣ ክረምቱ አልፎ ሁሉም ሲደርቅ አድሱት።

ይህን ሁሉ ሲሰማ «ገንዘቡስ?» የሚል አለ። የሽቦ ብሩሽ፣ ብርጭቆ ወረቀት፣ አንድ ጣሳ አንቲረስት፣ ቲነር፣ አቼቶ፣ ሰም። እዚሁ ጅማ መርካቶ ገብታችሁ በአንድ ዙር ትጨርሱታላችሁ። ግራይንደርና ትራፓኖ ለሦስት ለአራት ሆናችሁ ተዋዋሱ። መነጽሩን ግን እያንዳንዳችሁ የራሳችሁን ግዙ።

ቅዳሜ ከሰዓት ግቢዬ ክፍት ነው። የሚያጠራጥራችሁን መኪና ይዛችሁ ኑ፣ አብረን እናያለን፣ ለማየት አላስከፍልም። ተማሪዎች፣ እናንተም ኑ፤ አንድ አሮጌ በር አለኝ፣ ነጥብ ብየዳ ትለማመዱበታላችሁ። ጭቃ ለብሳ የመጣችን መኪና ግን አላይም፤ ከሥሯም ጭምር አጥባችሁ አምጧት።

ጥያቄ ያለው እጁን ያውጣ። ጮክ ብላችሁ!